ያው ባሕር፣ ያው ወር፣ ግን ወፍ የለም

ጥያቄ፦ «አምና በዚሁ ወር፣ ከዚሁ ወደብ፣ በዚሁ ጀልባ፣ ከዚሁ አስጎብኚ ጋር የባሕር ወፍ ለማየት ወጥቼ ነበር። ሞገዱ ሲያንገላታን ዋለ። ግማሹን ሰው አስመለሰው። ግን አልባትሮሱንም ፔትረሉንም በመቶ የሚቆጠር አየን። አንድ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ከፊታችን መረቡን ይስብ ነበር። ዘንድሮ ጓደኛዬን አጓጉቼ ይዤው ሄድኩ። ፀሐይ ነው፣ ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቷል። በስምንት ሰዓት ውስጥ ያየነው ወፍ አሥራ አምስት አይሞላም። አስጎብኚውን ስጠይቀው ‹ባሕር እንዲህ ነው› ብሎኝ ዝም አለ። ወፎቹ እያለቁ ነው? ወይስ ሰውዬው ሥራውን አያውቅም? ደግሞ አንዲት ትንሽ ጥቁር ወፍ፣ ከጭራዋ በላይ ነጭ ያላት፣ ውሃው ላይ የምትራመድ የምትመስል አይቼ ነበር። ከእኔ በቀር ማንም አላያትም። ምን ትሆን?»

መልስ፦

ጠያቂያችን፣ መልሱን እርስዎ ራስዎ ጥያቄው ውስጥ አስቀምጠውታል። አምና ሞገድ ነበር፤ ዘንድሮ ባሕሩ ረግቷል። አምና መረብ የሚስብ መርከብ ነበር፤ ዘንድሮ አልነበረም። ወደቡ፣ ወሩ፣ ጀልባውና አስጎብኚው አንድ መሆናቸው ለእኛ ትልቅ ነገር ይመስለናል። ለወፎቹ ግን ብዙም ትርጉም የለውም። እነሱ የሚከተሉት እህል ውሃቸውንና ነፋሱን ነው። ሁለቱም ደግሞ ቋሚ አድራሻ የላቸውም።

ስለዚህ አስጎብኚውን አይቀየሙት። «ባሕር እንዲህ ነው» ያለው እውነቱን ነው። ግን ማብራራት ነበረበት። የጎደለውን እኔ ልሙላ። ከመርከብ ላይ የባሕር ወፍ ስቆጥር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ወፍ ከሞላባቸው ቀናት ይልቅ ባዶዎቹ ብዙ አስተምረውኛል።

መጀመሪያ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ጀልባችሁ በሰዓት 10 ኖት፣ ማለትም 18.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደች እንበል። በስምንት ሰዓት 148 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሙያው ወፍ የምንቆጥር ሰዎች ብዙ ጊዜ ከመርከቡ ጎን 300 ሜትር ድረስ ያለውን ብቻ እንይዛለን። ከዚያ ሲርቅ ትንንሾቹ ወፎች ያመልጣሉ። በግራም በቀኝም ሰው ቆሞ ቢያይ 600 ሜትር ነው። ሲባዛ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይመጣል። ያውም ጀልባዋ የትም ሳትቆም፣ በሄደችበትም መንገድ ሳትመለስ።

አሁን ደግሞ ወፉን ይመልከቱ። በደቡባዊው ሕንድ ውቅያኖስ፣ ክሮዜ ደሴቶች ላይ፣ ተጓዥ አልባትሮሶች የሳተላይት መከታተያ ተገጥሞላቸው ነበር። በ1990 በወጣው ውጤት መሠረት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በአንድ የምግብ ፍለጋ ጉዞ ብቻ ከ3,600 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር ያካልላሉ። በቀን እስከ 900 ኪሎ ሜትር የበረሩ አሉ። እናንተ ቀኑን ሙሉ የተጓዛችሁትን ርቀት አንድ አልባትሮስ ጥሩ ነፋስ ካገኘ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ጠዋት እናንተ ያለፋችሁበት ቦታ ላይ ከሰዓት በኋላ መቶ ወፍ ሊኖር ይችላል። እናንተ ግን ያን ጊዜ ወደ ወደብ እየተመለሳችሁ ነው።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ባሕር ከላይ ሲያዩት አንድ ወጥ ነው። ውስጡ ግን እንደ መሬት ለምም ጠፍም አለው። ልዩነቱ፣ የባሕሩ ለም ቦታ ተነሥቶ ይሄዳል። ፕላንክተን የሚባሉት ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ የምግቡ ሁሉ መጀመሪያ እነሱ ናቸው። እንደ ዕፅዋት የሚኖሩት ፕላንክተኖች ለመራባት ብርሃንና ማዳበሪያ ይፈልጋሉ። ብርሃኑ ከላይ ነው። ማዳበሪያው ከታች፣ ቀዝቃዛው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ነው። ሁለቱ እንዲገናኙ የታችኛው ውሃ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ነፋስ የባሕር ዳርቻን ተከትሎ ለቀናት ሲነፍስ፣ የምድር መዞርም ታክሎበት፣ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው እያራቀ ይገፋዋል። ክፍተቱን ሊሞላ ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ይመጣል። የፔሩ፣ የካሊፎርኒያና የናሚቢያ ዳርቻዎች በዓሣና በወፍ የታወቁት በዚህ ነው። የሶማሊያ ዳርቻም የደቡብ ምዕራቡ የሞንሱን ነፋስ ሲበረታ እንዲሁ ይሆናል፤ ነፋሱ ሲገለበጥ ያ ሁሉ ይቆማል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ውሃው ዛሬ ቢወጣ ምግቡ ዛሬ አይደርስም። ማዳበሪያው ይወጣል። ፕላንክተኑ በቀናት ውስጥ ይፈላል። ክሪል የሚባሉት ሽሪምፕ መሰል ትንንሽ የባሕር እንስሳትና ትንንሽ ዓሣ ይከተላሉ፤ ከዚያ ትልልቁ ዓሣ፤ ከዚያ ወፍ። ስለዚህ የዕለቱ ነፋስ ብቻውን አይወስንም። ያለፈው ሳምንት፣ አንዳንዴም ያለፉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነፋስ ዋጋ አለው። አምናና ዘንድሮ ከጉዞዎ በፊት የነበሩት ቀናት ምን ይመስሉ እንደነበር ብናውቅ፣ ከወሩ ስም ይልቅ እሱ ብዙ ይነግረን ነበር።

የባሕሩ ወለል ቅርፅም አለ። ከየብስ ተያይዞ የሚሄደው ጥልቀት የሌለው ወለል 200 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ጠርዝ አለው። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። የባሕር ውስጥ ሞገድና ጅረት ከዚያ ጠርዝ ጋር ሲጋጩ ውሃው ይደባለቃል፤ ምግብም ወደ ላይ ይወጣል። በኒው ዚላንድ ካይኮራ፣ በካሊፎርኒያም ሞንተሬይ፣ ጥልቅ ሸለቆ እስከ ዳርቻው አጠገብ ይደርሳል። ለዚህ ነው እዚያ ብዙም ሳይርቁ የጥልቅ ባሕር ወፍ የሚታየው። ሌላ ቦታ ጠርዙ ላይ ለመድረስ ብቻ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። አንዳንድ ጀልባ ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ወይም ዘግይቶ በመነሣቱ ጠርዙ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። ዘንድሮ የት ድረስ እንደሄዳችሁ አስጎብኚውን ይጠይቁት። «እንደ አምናው» ካለዎት ትክክለኛውን ነጥብ ከጂፒኤሱ ያሳይዎት። አምስት ኪሎ ሜትር ልዩነት ትልቅ ልዩነት ነው።

ይህን በዓይኔ ካየሁባቸው ቀናት አንዱን ልንገርዎ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ደብተሬ ላይ ዜሮ ስጽፍ ቆየሁ። ረፋዱ ላይ ከፊታችን የአረፋ መስመር ታየኝ። ስፋቱ ከአንድ ጠባብ መንገድ አይበልጥም። ርዝመቱ ግን ዓይን እስከሚያይ ነው። ከመስመሩ ወዲህ ውሃው ሰማያዊ ነበር፤ ወዲያ አረንጓዴ። መስመሩን እንደተሻገርን የውሃው ሙቀት ሁለት ዲግሪ ወረደ። አረፋው ውስጥ የባሕር አረም፣ ላባ፣ የእንጨት ቁርጥራጭ ተሰብስቧል። ሁለት የውሃ ዓይነቶች ተገናኝተው የያዙትን ሁሉ እዚያ ላይ አራግፈውታል። ወፎቹም እዚያ ነበሩ። መስመሩን ይዘው፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም አንገታቸውን ሰበር ቀና እያደረጉ ይበላሉ። ወደ ሰማያዊው ውሃ አንድ ኪሎ ሜትር ስንመለስ አንድም አልነበረም። ከመስመሩ ጎን ለጎን ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀን ተጉዘን ቢሆን ኖሮ፣ ቀኑ በዜሮ ያልቅ ነበር። እኔም «ዛሬ በዚህ ባሕር ወፍ የለም» ብዬ እጽፍ ነበር።

ወፎቹ እንዲህ ዓይነቱን ቦታ እንዴት ያገኙታል? ብዙዎቹ በማሽተት ነው። አልባትሮስ፣ ፔትረልና ሺርዋተር ምንቃራቸው ላይ ቱቦ የመሰለ አፍንጫ አላቸው። ክሪል ፕላንክተኑን ሲበላ ዳይሜቲል ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። እኛ «የባሕር ሽታ» የምንለው ውስጥም አለበት። ጋብሪኤል ኔቪት የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ1995 ባወጡት ጥናት፣ ይህንን ሽታ በደቡባዊው ውቅያኖስ ላይ ሲለቁት አንዳንድ የፔትረል ዝርያዎች ወደ ሽታው እንደሚመጡ አሳይተዋል። ለወፉ ያ ሽታ «እዚህ ማዕድ ቀርቧል» ማለት ነው።

አስጎብኚዎች የዓሣ ዘይትና የዓሣ ተረፈ ምርት ባሕሩ ላይ የሚያፈሱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ሽታ ያለ ነፋስ የትም አይደርስም። ነፋስ ሲኖር ሽታውን ብዙ ኪሎ ሜትር ይዞት ይሄዳል። ወፎቹ ከነፋሱ በታች ሆነው ይቀበሉታል፤ ከዚያም ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፈጡ፣ ዚግዛግ እየሠሩ ይመጣሉ። ባሕሩ ሲረጋ ግን ዘይቱ ጀልባዋን ከቦ ይተኛል። ዘንድሮ ዘይት አፍስሰው ከነበረ፣ ምናልባት የሸተተው ለእናንተ ብቻ ነው።

ይህ ወደ ዋናው ነገር ያመጣናል፤ ወደ ነፋሱ። ተጓዥ አልባትሮስ የሰማይ ስባሪ የሚያህል ወፍ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል። ያን ክንፍ እያርገበገበ አገር ላገር መዞር አይችልም፤ ጉልበቱ አይበቃውም። ስለዚህ ነፋሱን ይሠራበታል። ከውሃው ወለል አጠገብ ነፋስ ቀሰስተኛ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጡ ይፈጥናል። ወፉ ነፋሱን ተጋፍጦ ሽቅብ ይወጣል። ጫፍ ላይ ይታጠፋል። ከነፋሱ ጋር ቁልቁል ይወረወራል። ሞገዱን ሊነካ ሲል እንደገና ይታጠፋል። ክንፉን አንዴም ሳያርገበግብ ሰዓታት እንዲህ ይሄዳል። ትከሻው ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚቆልፍለት ጅማት ስላለው ጡንቻው እምብዛም አይደክምም። በዚህ ዓይነት በረራ ላይ ያለ ተጓዥ አልባትሮስ የልብ ምት ከሚያርፍበት ጊዜ ብዙም አይርቅም።

ነፋስ ሲጠፋ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። ወፉ ውሃ ላይ ቁጭ ይላል። ለመነሣት ክንፉን ዘርግቶ፣ በትልልቅ እግሮቹ ውሃውን ቷ ቷ እያደረገ ብዙ መንደርደር አለበት። ከበረራው ሁሉ ብዙ ጉልበት የሚፈጅበት ይህ ነው። አንዴ አንዱን በቅርብ አይቼዋለሁ። ለጥ ባለ ባሕር ላይ ጀልባችን ወደ እሱ ቀረበች። ተነሣ፤ ሮጠ፤ ሮጠ። እግሩ የመታቸው ቦታዎች ውሃው ላይ እንደ ዱካ ተደርድረው ቀሩ። ከዚያ ትንሽ ከፍ አለና ተመልሶ ቁጭ አለ። አንገቱን አዙሮ አየን። ከዚያ በኋላ ካፒቴኑን ሞተሩን እንዲያቀዘቅዝና ዞር ብለን እንድናልፍ ለመንኩት።

እንግዲህ ዘንድሮ ባሕራችሁ ሲረጋ፣ አምና ያያችኋቸው አልባትሮሶች ምን ያድርጉ? ወይ ነፋስ ወዳለበት ሄደዋል፤ ወይ ተበታትነው ቁጭ ብለዋል። ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠ አልባትሮስ ነጭ ነጥብ ነው። የሚበር ቢሆን ግን ከአድማስ በላይ ብቅ ጥልቅ ሲል ከሩቅ ያዩታል። ነፋስ ሲኖር ወፉ ጀልባዋን ለማየት ዞር ማለቱ ምንም አያስከፍለውም። ሲረጋ ያስከፍለዋል። አምና ወፎቹ ወደ እናንተ ይመጡ ነበር። ዘንድሮ እናንተ ወደ እነሱ መሄድ ነበረባችሁ።

የነፋሱ አቅጣጫም አለ። ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍስ ነፋስ ለቀናት ሲቆይ የጥልቁን ወፎች ወደ ዳር ያስጠጋቸዋል። ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ይርቃሉ።

ነፋስ ሁልጊዜ ጥሩ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ነፋሱ ሲበረታ ማየት ይከብዳል። ሁለት ሜትር ሞገድ መካከል የገባ ትንሽ ወፍ የለም ማለት ነው። የሞገዱ አናት በየቦታው ነጭ ሲሆን ነጭ ወፍ መለየት ያስቸግራል። ሰው የጀልባውን ብረት ጨብጦ ባይኖኩላር መያዝ አይችልም። የረጋ ባሕር ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን፣ ውሃ ላይ ተቀምጠው ለሚውሉ ትንንሽ ጠላቂ ወፎችም እጅግ ተስማሚ ነው። ለአልባትሮስና ለፔትረል የምመርጠው ግን መካከለኛውን ነፋስ ነው፤ ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብቅ የሚልበትን፣ ሆድንም ብዙ የማያስቸግረውን።

ስለ መርከቡ ደግሞ። መረብ የሚስብ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ባለበትና በሌለበት ቀን መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። መርከቡ የማይፈልገውን ዓሣና የተጠረገውን ሆድ ዕቃ ወደ ባሕር ይጥላል። ወፎች ይህን ያውቃሉ፤ የመርከቡን ድምፅና ቅርፅም ለምደውታል። ከኬፕ ታውን ተነሥቶ የሚሄድ የወፍ ጉዞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው የት ጋ መርከብ እንዳለ መፈለግ ነው። ከአንድ መርከብ ኋላ ብቻ ሺህ ወፍ ሊንጋጋ ይችላል። ያን ቀን መርከቦቹ ወደብ ከዋሉ ወይም ሌላ ቦታ ከሄዱ፣ እነዚያው ወፎች በመቶ ኪሎ ሜትሮች ላይ ይበተናሉ። ቁጥራቸው አልቀነሰም፤ የሰበሰባቸው ነገር ነው የጠፋው። ሞቃታማ ባሕሮች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ቱና ነው። ቱና ከታች ትንንሹን ዓሣ ወደ ላይ ሲያሳድደው ወፎቹ ከላይ ይጠብቁታል። ቱናው ከጠለቀ ወፎቹም ይበተናሉ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አምናው «በመቶ የሚቆጠር» አንድ ነገር ልበል፤ ደስታዎን ለመቀነስ አይደለም። መርከብ የሚከተሉ ወፎች ይዞራሉ። ከኋላ ይመጣሉ፣ በጎን ያልፋሉ፣ ከፊት ታጥፈው ተመልሰው ከኋላ ይመጣሉ። ስድሳ ወፍ ለአንድ ሰዓት ሲዞር ሦስት መቶ ይመስላል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ ቆጥሬያለሁ። አሁን መርከብ የሚከተሉትን ለብቻቸው እጽፋለሁ፤ በአንድ ቅጽበት ያየሁትን ትልቁን ቁጥርም እይዛለሁ። ስለዚህ በአምናውና በዘንድሮው መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት እርስዎ ካሰቡት ያነሰ ሊሆን ይችላል።

«ያው ወር» የሚለውም ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም። በፍልሰት ጊዜ አንድ ዝርያ በአንድ ቦታ በብዛት የሚያልፈው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጥቁሩ ሺርዋተር ከኒው ዚላንድ ተነሥቶ ፓሲፊክን እያካለለ በዓመት 64,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። እንዲህ ያለ መንገደኛ አንድ ሳምንት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ የሚገርም አይደለም። በመራቢያ ወቅት ደግሞ ወላጆቹ ተራ ይገባሉ፤ አንዱ እንቁላሉ ላይ ሲቀመጥ ሌላው ባሕር ላይ ነው። ጫጩቱ ትንሽ ሳለ ቶሎ ቶሎ መመለስ ስላለባቸው ከጎጇቸው ብዙ አይርቁም። ጎጇቸው የእናንተ ጀልባ ከምትሄድበት የሚቀርብ ከሆነ ብዙ ታያላችሁ፤ የሚርቅ ከሆነ ምንም።

ዓመትና ዓመትም አይመሳሰልም። በ1982 እና 1983 ኃይለኛ ኤል ኒኞ፣ ማለትም የፓሲፊክ ውሃ ከወትሮው የሚሞቅበት ክስተት፣ ነበር። በፓሲፊክ መካከል ያለችው የኪሪቲማቲ ደሴት በባሕር ወፍ የተሞላች ናት። በ1982 መጨረሻ ተመራማሪዎች ሲደርሱ ወላጆቹ ወፎች ደሴቷን ጥለው ሄደዋል፤ ጫጩቶቹ በረሃብ አልቀዋል። የባሕሩ ሙቀት ምግቡን ስላጠፋው ነው። ሁኔታው ሲረግብ ወፎቹ እንደገና መመለስ ጀመሩ። ያን ጊዜ በዚያ አካባቢ በጀልባ የወጣ ሰው «ወፍ አለቀ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ወፎቹ ግን በአብዛኛው ተሰድደው ነበር እንጂ አላለቁም።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ በሰላም አያልቅም። ከ2014 እስከ 2016 በሰሜን ምሥራቅ ፓሲፊክ ላይ ከልክ ያለፈ የሞቀ ውሃ ቆየ። ከካሊፎርኒያ እስከ አላስካ ባሉ ዳርቻዎች ሙር የተባለው ጠላቂ ወፍ ሞቶ ወይም ሊሞት ሲያጣጥር የተገኘው 62,000 ያህል ነው። ያ የታየው ብቻ ነው። በ2024 የወጣ ጥናት በአላስካ ብቻ የሞቱትን ወደ 4 ሚሊዮን ገምቷቸዋል፤ ከዚያ ወዲህም አላገገሙም።

እናም «ወፎቹ እያለቁ ነው?» ላሉት ጥያቄ መልሴ ሁለት ነው፤ ሁለቱንም አብረው ይያዙልኝ። የእርስዎ ሁለት ጉዞዎች ይህን ሊነግሩን አይችሉም። ነፋሱና መርከቡ ብቻ ልዩነቱን ሁሉ ሊያስረዱ ይበቃሉ። በዓለም ደረጃ ግን የባሕር ወፎች በእርግጥ እየቀነሱ ነው። ከ1950 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ክትትል የተደረገባቸው የባሕር ወፎች ቁጥር በ70 በመቶ ገደማ ማሽቆልቆሉ ተዘግቧል። ከ22ቱ የአልባትሮስ ዝርያዎች አብዛኞቹ አደጋ ላይ ናቸው። በረጅም ገመድ የተንጠለጠለ መንጠቆ ላይ ያለውን ማጥመጃ ዓሣ ሊበሉ ሲሉ ተይዘው ይሰጥማሉ። በሚራቡባቸው ደሴቶች ላይ ሰው ያስገባቸው አይጥና ድመት ይበሏቸዋል። ይህን ሳስብ እንቅልፍ የሚነሣኝ ቀን አለ። ለዚህም ነው አንድን ባዶ ቀን የጥፋት ምልክት ስናደርገው የማልወደው። እውነተኛው ማሽቆልቆል በሚገባ ተቆጥሮ መታየት አለበት፤ አለበለዚያ ማንም አያምነንም።

ቆጠራው ላይ እርስዎም መርዳት ይችላሉ። ሲወጡ የተነሣችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ሰዓት፣ የሄዳችሁበትን ርቀት፣ የነፋሱን ኃይልና አቅጣጫ፣ የውሃውን ሙቀት፣ መርከብ መኖር አለመኖሩን ይጻፉ። ወፉን በየሰዓቱ ይቁጠሩ። ዜሮ የሆነውን ሰዓት ደግሞ ከሁሉ በላይ እንዳይዘሉት። ሰው ደስ ያለውን ቀን ብቻ ከመዘገበ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚከፍት ተመራማሪ ባሕሩ ሁልጊዜ ወፍ የሞላበት ይመስለዋል። አስጎብኚው የዓመታት ማስታወሻ ካለው፣ ያ ደብተር ከየትኛውም ነጠላ ቀን ይበልጣል። ሠላሳ ጉዞ ተደርድሮ ሲታይ ነፋሱ ያመጣው ልዩነት እየተካካሰ ይሄዳል፤ የወፉ እውነተኛ ለውጥ ብቅ ይላል።

ለሚቀጥለው ጉዞ ቀን ሲመርጡ፣ ከቻሉ በተከታታይ ሁለት ቀን ይያዙ። ቀድመው ለሳምንት ያህል የነፋሱን ትንበያ ይከታተሉ። ጀልባ ላይ ፀሐይ ከኋላዎ የምትሆንበትን ጎን ይምረጡ፤ የፀሐይ ነጸብራቅ ያለበት ጎን የቆመ ሰው ግማሹን አያይም። ከፍ ያለ ቦታ ይቁሙ። ዓይንዎ ከውሃው 4 ሜትር ከፍ ካለ አድማሱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅልዎታል። ጓደኛዎንም እንደገና ይውሰዱት።

አሁን ወደ ትንሿ ጥቁር ወፍ። ስቶርም ፔትረል ሳትሆን አትቀርም። በጣም ትንሽ ናት፤ ከዝርያዎቹ አንዳንዶቹ 25 ግራም ብቻ ይመዝናሉ። ክንፏን ከፍ አድርጋ፣ እግሯን አንጠልጥላ፣ ውሃውን ነካ ነካ እያደረገች ምግብ ትለቅማለች። ፔትረል የሚለው ስም ራሱ በውሃ ላይ ከተራመደው ከሐዋርያው ጴጥሮስ የመጣ ነው ይባላል። ሌላ ሰው ስላላያት አይዘኑ። ከ300 ሜትር ወዲያ እንደዚህ ያለች ወፍ ለሠለጠነ ዓይንም ትጠፋለች። አየሩ ሞገደኛ ቢሆን ኖሮ እርስዎም አያዩዋትም ነበር። የረጋው ባሕር ይህችን ሰጥቶዎታል።

አንዲት እንዲህ ያለች ወፍ ምን ያህል ዋጋ ሊኖራት እንደሚችል ልንገርዎ። የኒው ዚላንድ ስቶርም ፔትረል ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ጠፍታለች ተብላ ነበር። በ2003 በወፍ ጉዞ ላይ የነበሩ ሰዎች ባሕር ላይ አይተው ፎቶ አነሷት። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የምትራባበት ቦታ በሐውቱሩ ደሴት ተገኘ። ያቺ ወፍ ያን ሁሉ ጊዜ ነበረች። ጀልባዎች በአጠገቧ ያልፉ ነበር።

የእርስዎን ወፍ ለመለየት ሦስት ነገር ይጠቅመኛል። ጭራዋ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ነው ወይስ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ? ክንፏ ከሥሩ ነጭ መስመር ነበረው? ስትበር እግሯ ከጭራዋ አልፎ ይታይ ነበር? ጭራዋ ቀጥ ያለ፣ እግሯም አልፎ የሚታይ ከሆነ የዊልሰን ስቶርም ፔትረል ልትሆን ትችላለች። ጭራዋ የተሰነጠቀ፣ አበራረሯም ወዲህ ወዲያ ዘለል ዘለል የሚል ከሆነ የሊች ስቶርም ፔትረልን እጠረጥራለሁ። ከክንፏ ሥር ነጭ መስመር ካለ ደግሞ የአውሮፓዋ ትንሿ ዝርያ ናት። ትዝታ ቶሎ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሥዕል ያለበት የወፍ መጽሐፍ ሳይከፍቱ፣ ዛሬውኑ የሚያስታውሱትን ብቻ ይጻፉና ይላኩልኝ። ሰዓቱንና ጀልባዋ የነበረችበትን ቦታም አይርሱ።